የንግሥተ ሳባ ጉዞና የማለዳው ብርሃን

በለንደን ናሽናል ጋለሪ አንድ የባሕር ዳርቻ ሥዕል አለ። ክሎድ ሎሬን በ1648 እ.ኤ.አ. የሣለው ሲሆን፣ ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ለመሄድ ከወደብ ስትነሣ ያሳያል። ሥዕሉን ስናይ ግን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በንግሥቲቱ ላይ አይደለም። እርሷ ከአጃቢዎቿ ጋር በቀኝ በኩል ደረጃውን ስትወርድ ትንሽ ሆና ትታያለች። መካከሉን የያዘችው የማለዳ ፀሐይ ናት፤ ብርሃኗ በሞገዱ ላይ እንደ መንገድ ተዘርግቷል።

ክሎድ የተወለደው በሎሬን ምድር ቢሆንም አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በሮም ነው። በቅርብ የሚያውቀው ሠዓሊ ዮአኪም ፎን ዛንድራርት እንደ ጻፈው፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሜዳ ወጥቶ የብርሃኑን ለውጥ ያጠና፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ተመልሶ ያየውን ይሥል ነበር። ስሙ ሲገንን ሥራዎቹን አስመስለው የሚሸጡ ተነሡ። እርሱም ሥዕሎቹን በንድፍ የሚመዘግብበት መጽሐፍ አዘጋጀ። «የእውነት መጽሐፍ» የተባለው ይህ መዝገብ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ለእኛም የእውነት መዝገብ አለን። 1ኛ ነገሥት 10 ንግሥቲቱ በመርከብ መጣች አይልም፤ ሽቱ፣ ወርቅና የከበረ ድንጋይ የተሸከሙ ግመሎቿን ይጠቅሳል። ክሎድ የሳባን ወደብ አላየም፤ የሣላቸው ሕንፃዎች በኢጣሊያ የሚያውቃቸውን ይመስላሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያንስ ይህችን ንግሥት እንዴት እናስታውሳታለን? ክብረ ነገሥት ማክዳ ብሎ ይተርካታል፤ ታሪኳ በተከታታይ ሥዕል ተሥሎ በየቤቱ ተሰቅሏል። ወርቋንና ክብሯን አልረሳንም። ለምን እንደ ተነሣች ግን እንዘነጋለን። የሄደችው ጥበብን ፍለጋ፣ በልቧ ያለውን ጥያቄ ሁሉ ይዛ ነው።

ጌታ ኢየሱስም ያነሣት ስለ ሀብቷ አይደለም። በማቴዎስ 12፥42 ከምድር ዳር መጥታ ሰሎሞንን ስለ ሰማች፣ በፍርድ ቀን በዚያ ትውልድ ላይ እንደምትፈርድ ተናገረ። ከሰሎሞን የሚበልጠው በፊታቸው ቆሞ ሳለ አልሰሙትምና።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቃል እኛንም ይነካል። የእርሷ ዘር ነን ብሎ መኩራት ቀላል ነው፤ እንደ እርሷ ተነሥቶ መሄድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እርሷ ብዙ ቀን ተጓዘች፤ ለእኛ ቃሉ በእጃችን ነው። ገና ጌታን ያላወቃችሁ ወዳጆቻችንም ጥያቄያችሁን አትደብቁ። ንግሥቲቱ ጥያቄዋን ይዛ ሄደች፣ መልስም አግኝታ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከሰሎሞን የሚበልጠው ዛሬም ይሰማል፤ እንቅረብ።