ከስልክ ማውጫ ወደ መግቢያ በር፦ የኤሌክትሮኒክ ማውጫ ታሪክና ለድረ ገጽ መተግበሪያዎች ያወረሰን ችግር

ዘመኖቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ንግግሬን የምጀምረው ግን በራሴ ስሕተት ነው።

ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ተቋም ተማሪዎች ውጤታቸውን የሚያዩበት የድረ ገጽ መተግበሪያ ሠርተን ነበር። መተግበሪያው የራሱን የይለፍ ቃል መዝገብ እንዲይዝ አልፈለግንም። ተቋሙ የመምህራንና የተማሪዎች ስም የተመዘገበበት የኤሌክትሮኒክ ማውጫ ስለ ነበረው፣ በር ላይ የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ ማውጫው እንዲመሰክርልን ወሰንን። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። መተግበሪያው በቅድሚያ በራሱ መለያ ወደ ማውጫው ይገባና ተማሪው የጻፈውን የመለያ ስም ይፈልጋል፤ የተማሪውን መዝገብ ሙሉ አድራሻ ካገኘ በኋላ፣ በዚያ አድራሻና ተማሪው በሰጠው የይለፍ ቃል ማውጫውን እንደገና ያንኳኳል። ማውጫው «ተሳክቷል» ብሎ ከመለሰ ተማሪው ይገባል።

ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ የይለፍ ቃል ሳልጽፍ ገባሁ» አለችኝ። አላመንኳትም። እያየሁ የራሷን መለያ ጻፈች፤ የይለፍ ቃሉን ቦታ ባዶ ትታ ቁልፉን ተጫነች፤ ገባች። ቀጥላ የእኔን መለያ ጻፈች፤ አሁንም ገባች።

በዚያው ሰዓት መተግበሪያውን ዘጋሁት። የማውጫውን የሥራ መዝገብ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ለዛሬው ንግግር መነሻ ሆኖኛል፤ ማውጫው አንዳች ብልሽት አልነበረበትም። ለተጠየቀው ጥያቄ የሰጠው መልስም ትክክል ነበር። እኔ ግን የጠየቅሁት ሌላ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ማውጫው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የይለፍ ቃልና ማውጫ የተለያየ ትውልድ ያላቸው ነገሮች ናቸው። የይለፍ ቃል በኮምፒውተር ላይ ታዋቂ የሆነው በኤም አይ ቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ በመሩት ሲ ቲ ኤስ ኤስ በተባለው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእይታ የቀረበው በ1961 ነበር። አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች ሲጋሩት የእያንዳንዱ ሰው ፋይል ከሌላው መጠበቅ ነበረበት። የሁሉም የይለፍ ቃል በአንድ ፋይል ተቀመጠ። ኮርባቶ የ1990ን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር እንዳስታወሱት፣ አንድ ቀን በአርታኢ ፕሮግራሙ ጉድለት ምክንያት ይህ ፋይል ከዕለቱ ማስታወቂያ ጋር ተቀያየረ፤ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሁሉ የሌሎቹን የይለፍ ቃል በሙሉ ታትሞ አገኘው። እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን የይለፍ ቃል መዝገብ እንዳይይዝ የምንመክርበት ምክንያት እንግዲህ የሙያውን ያህል ዕድሜ አለው።

የማውጫ አባት ደግሞ ስልክ ነው። በ1988 ኤክስ 500 የተባለውን መስፈርት ያወጣው ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የቴሌፎን አማካሪ ኮሚቴ ነበር። የታሰበው ዓለምን የሚያካልል አንድ የስም ማውጫ ነው። ግንዱ ዓለም፣ ቅርንጫፉ አገር፣ ከዚያ ድርጅት፣ ከዚያ ክፍል፣ ቅጠሉም ሰው። የሰውን አድራሻ የፈለገ ሁሉ ዛፉን እየወረደ ያገኛል። ማውጫ የሚዘጋጀው እንዲነበብ ነውና፣ አንባቢው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ዋና ጉዳይ አልነበረም።

ኤክስ 500 ለዘመኑ ትንንሽ ኮምፒውተሮች እጅግ ከባድ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቲም ሃውስ ከዌንጊክ ዮንግና ከስቲቭ ኪል ጋር ሆነው በ1993 ቀለል ያለ መንገድ አቀረቡ፤ ዛሬ ኤልዳፕ ብለን የምንጠራው ፕሮቶኮል ነው። መጀመሪያ የተሠራው ወደ ከባዱ ማውጫ የሚያደርስ ቀላል ድልድይ ሆኖ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ድልድዩ ራሱን የቻለ ማውጫ ሆነ፤ ከተማው ተረሳና ድልድዩ ቀረ ብንል አናጋንንም።

አሁን ወደ ባዶው የይለፍ ቃል እንመለስ። በፕሮቶኮሉ ውስጥ ደንበኛው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ተግባር ባይንድ ይባላል። ስምና የይለፍ ቃል ከቀረበ ማውጫው ያመሳክራል። ሁለቱም ከሌሉ ደንበኛው ስሙን ያልገለጸ አንባቢ ሆኖ ይስተናገዳል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ስም ቀርቦ የይለፍ ቃሉ ባዶ ከሆነ ማውጫው ስሙን ለመዝገብ ያህል ይይዝና ደንበኛውን እንደ ማንኛውም ያልታወቀ አንባቢ ይቀበለዋል፤ መልሱም «ተሳክቷል» ነው። ለስልክ ማውጫ ይህ ምንም ነውር የለበትም። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ስሙን ጽፎ የሚያልፍን ሰው መታወቂያ አንጠይቅም። እኔ ግን የዚያን ደብተር ፊርማ ለፍርድ ቤት ምስክርነት አቅርቤው ነበር።

ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ታሪካዊ ምክንያትም አለው። ማንነትን ለማረጋገጥ ብቻ ተብሎ የታነጸ ሥርዓት በዚያው በኤም አይ ቲ ተሠርቶ ነበር፤ ከርቤሮስ ይባላል፤ አምስተኛው እትሙ የወጣው በ1993፣ ከኤልዳፕ ጋር በአንድ ዓመት ነው። ማይክሮሶፍት በ2000 አክቲቭ ዳይሬክተሪን ሲያወጣ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አኖራቸው። ነገር ግን የድረ ገጽ ሠሪ በእጁ ያለው ስምና የይለፍ ቃል የሚሞላበት ቅጽ ነው፤ ቅጹን ከባይንድ ጋር ማገናኘት ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ አሸነፈ።

ጠባቂዎቹ አልተኙም ነበር። ሦስተኛው የኤልዳፕ እትም በ1997 ሲታተም የኢንተርኔት መስፈርቶችን የሚያጸድቀው አካል በሰነዱ ራስ ላይ ማስጠንቀቂያ አኑሮበታል፤ ሰነዱ ማውጫውን መለወጥ ይፈቅዳል፣ አጥጋቢ የማረጋገጫ ዘዴ ግን ግዴታ አላደረገም የሚል። በ2006 በተሻሻለው መስፈርት ደግሞ ማውጫዎች ባዶ የይለፍ ቃል ያለውን ባይንድ በነባሪነት እንዲከለክሉ፣ ደንበኛ ፕሮግራሞችም ባዶውን ቃል ጭራሽ እንዳይልኩ ተመከረ። ምክር ስለ ሆነ የሰማውም ያልሰማውም አለ።

ሁለተኛው ውርስ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይነካል። ማውጫው አንድን ሰው «ሰው» ብሎ ለመመዝገብ ሁለት ነገሮችን ግዴታ ያደርጋል፤ መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም። የራስ ስም ግዴታ አይደለም። በኤክስ 500 ወገን መስፈርቶች የቤተሰብ ስም ከወላጅ የሚወረስ ወይም በጋብቻ የሚወሰድ፣ ሰውየውም ዘወትር የሚታወቅበት ስም ተብሎ ተተርጉሟል። በእኛ ዘንድ ግን ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ማንም ሰው በአባቱ ስም አይታወቅም፤ የአባት ስምም ትውልድ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። አይስላንዶች ተመሳሳይ ልማድ ስላላቸው የስልክ ማውጫቸውን በራስ ስም ተራ አዘጋጅተዋል፤ የስልክ ኩባንያዎቹ ኮሚቴ ግን ይህን አልቀዳም።

ውጤቱን በሥራዬ አይቼዋለሁ። አንዱ ክፍል ግዴታ በሆነው ቦታ የአባት ስም ሞላ፤ ሌላው የአያት ስም። መዝገቦቹ ሲቀላቀሉ አንዳንድ ተማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ተገኘ። በትክክለኛ የይለፍ ቃሉ ይገባል፤ የገባው ግን ውጤቱ ወዳልተያያዘበት መዝገብ ነው። የመለያ ስም ከራስ ስም የመጀመሪያ የላቲን ፊደልና ከአባት ስም ይሠራ ስለ ነበር አበበ ከበደና አልማዝ ከበደ አንድ መለያ ላይ ተጋጩ። አልማዝን መተግበሪያው «ክብርት ከበደ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ አባቷን ማለቱ ነው።

የፊደል ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። የ1997ቱ እትም የዩኒኮድን መንገድ ከፈተ፤ የግእዝ ፊደልም በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ስማችንን በፊደላችን መመዝገብ እንችላለን። የማውጫው የማመሳከሪያ ደንብ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ ሲያይ፣ «ፀሐይ»ን እና «ጸሐይ»ን ግን እንደ ሁለት ሰዎች ይቆጥራል።

ባዶውን የይለፍ ቃል የሚያግደው ማስተካከያ ሁለት መስመር ኮድ ነበር፤ አንዱ በመተግበሪያው፣ ሌላው በማውጫው ቅንብር። የስሞቹ ጉዳይ ሁለት ሴሚስተር ወሰደ። ውጤቱን ከስም አላቅቀን ከተማሪው መታወቂያ ቁጥር ጋር አያያዝነው። ለእይታ የሚሆን ሙሉ ስም የሚጻፍበት ሌላ ቦታ ስላለ ተማሪው ራሱ እንደሚጠራው በዚያ አሰፈርነው። የቤተሰብ ስም በተባለው ቦታ የአባት ስም ዛሬም ይሞላል፤ ማውጫው ያለ እርሱ መዝገቡን አይቀበልምና። የሚያነበው መተግበሪያ ግን የለንም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።