የደሴቶቹ ጠባቂዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር የገባ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሞፈር የዞረበትን ምድር ነው። ጎጃም አራሽ አገር ነውና እርሻው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይወርዳል። በመካከሉ ጥቅጥቅ ያለ አገር በቀል ዛፍ ከታየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ይኸው መንገደኛ በማግስቱ ጣና ዳር ቆሞ ክብራን ገብርኤልን ወይም የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ሲመለከት ዓይኑን ማሸቱ አይቀርም። ደኑ ከውኃው አፍ ተነሥቶ ጉብታው ጫፍ ይደርሳል። ለመሆኑ ይህን ደን ማን ጠበቀው?

መልሱን ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል፤ መነኮሳቱ ናቸው እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማይዘል ገበታ መሳይ ሐይቅ ነው። 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተተክለዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲለደስ አጽም አርፏል። አገር በተናወጠ ቁጥር ታቦቱም፣ የብራና መጽሐፉም፣ የነገሥታቱ ንብረትም የሚሸሸው ወደነዚህ ደሴቶች ነበር።

የዘጌ ሰዎች የደናቸውን ነገር የሚጀምሩት ከአቡነ በትረ ማርያም ነው። እንደ ትውፊቱ ጻድቁ ከፈጣሪያቸው ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፣ የቀንድ ከብትም አያረባም፤ በምትኩ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ያኖሩታል። ትውፊቱን ያመነም ያላመነም ውጤቱን ሊክድ አይችልም። በሬ ያልረገጠው ችግኝ ዛፍ ይሆናል፤ ቡናም ጥላ ይሻልና ዛፉን የቆረጠ ሰው የገዛ ቡናውን ያከስራል። ቃል ኪዳኑና ጥቅሙ ተቃቅፈው ስለኖሩ ነው ደኑ የኖረው። ለቃል ኪዳኑ ብቻ ቢተው ኖሮ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱን ይህ ጸሐፊ ይጠራጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጉዳይ የዘጌ ታሪክ ሲወሳ ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን። ቡናው ራሱን አልለቀመም። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዘጌ የቡና ጓሮዎች ባሮች ይሠሩ ነበር። በዘጌ ኖሮ ያጠናው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ቶም ቦይልስተን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የባርነቱ ትዝታ በማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ከማን ጋር ይጋባል ውስጥ ተደብቆ እንደቆየ ያሳያል። እንግዲህ ጠባቂዎቹን ስንቆጥር ስማቸው በየትኛውም ገድል ያልተጻፈ ሰዎችም አሉ።

ሌሎቹ ስመ ቢሶች ታንኳ ሠሪዎቹ ናቸው።

ደሴት በር የለውም። በሩ ታንኳው ነው። የጣና ታንኳ ደግሞ ከእንጨት የሚጠረብ አይደለም፤ ከሐይቁ ዳር የበቀለ ደንገል ተቆርጦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ ነው። ሚስማር አይገባበትም። ቀዛፊው ረጅሙን ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ውኃውን ይገፋል። ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት። እንደዚያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ደሴቶቹ የገባው እጣንም፣ ዘቢብም፣ ብራናም፣ የንጉሥ ሬሳም የተሻገረው በየጥቂት ወሩ በሚታደስ ሣር ላይ ነው።

ይህን ሙያ ሌሎች የሐይቁ ዳር ነዋሪዎችም ያውቁታል፤ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን ከነገደ ወይጦ ጋር ነው። ጉማሬ አዳኝ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ደንገል ቆራጭ የነበረ ሕዝብ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጣና አካባቢ ሲመጣ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ እየተባሉ እስላሙም ክርስቲያኑም አርቋቸው ኖሯል። ታንኳቸው ደሴቱ ድረስ ይሄዳል፤ እነሱ ግን ከማዕዱ አይቀርቡም ነበር።

የታንኳውን ኃይል በደንብ የተረዱት አንድ ንጉሥ አፄ ቴዎድሮስ ይመስሉኛል። በ1858 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ዘጌ ሰፈሩ። ከእስረኞቻቸው አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው ንጉሠ ነገሥቱ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙባቸው፤ የፈረንጅን የእንፋሎት መርከብ በጣና ሣር ሊሠሩ ማለት ነው። እንፋሎቱ ባይኖርም ሐሳቡ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ ኮሌራ ገብቶ ሠራዊቱን ፈጀው፤ ዘጌንም ለቀው ሄዱ። በሬ በማይገባበት ደን ያ ሁሉ ሠራዊት ምን አንድዶ እንጀራ እንደጋገረ ማሰብ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደንገሉ ሌላ ዕድል አገኘ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ሣሩን ያስቆረጠው ከጣና ነው። ደንገሉ ግብፅ ድረስ ተጭኖ በፒራሚዶቹ ሥር ተሠራ፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የተጠሩ ነበሩ። «ራ» የተባለችው ይህች ጀልባ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ከሞሮኮ ተነሥታ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበጣጠሰች። በዓመቱ ከቦሊቪያ የመጡ ሠሪዎች ያሰሯት «ራ ሁለት» ደረሰች። የጣና ሰው ቢጠራ የመጀመሪያይቱ ትደርስ ነበር ብሎ መሟገት ከንቱ ነው። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ የጣና ሣር ውቅያኖስ ሲገባ የጣና እጅ አልተፈለገም።

ሐይቁን በሩቅ ሆነው ያሰሉት ሰዎችም የደሴቱን ሰው አልጠየቁም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት በጣና ላይ እንዳይሠራ ተስማሙ። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካው ኋይት የምሕንድስና ኩባንያ ግድብ ሊያጠና መጣ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ለሕዝብ ሲያደርግ ገዳማቱ በየብስ ላይ የነበራቸውን ርስት አጡ፤ ቀለባቸው የጠበበው ያን ጊዜ ነው።

የውኃው ለውጥ የመጣው ኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት የጨረጨራ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ከመሸሹ የተነሣ ጀልባዎች መጓዝ ተስኗቸው ነበር። ውኃው በሸሸበት ዳርቻ ሞፈር ተከተለ፤ ደንገል ይበቅልበት የነበረው ረግረግ ታረሰ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ መሳብ ያዘ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ተንጣለለ። ከጎጃም ደጋ፣ ከሰከላ በኩል የሚወርደው ግልገል ዓባይ በየክረምቱ የገበሬውን አፈር እየጫነ ይመጣል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ይህ ሁሉ ተጀምሮ ነበር።

በዘጌ ያለው ደን አሁንም ቆሟል፤ መሳሳቱ ግን አልቀረም። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ማገዶ የሚያሻግረው ይኸው ታንኳ ነው። ጠባቂ የነበረው በር ዞሮ መውጫ ሆነ። ማገዶ ሻጩን መውቀስ ይቀላል፤ ግን ማረስ የተከለከለበት ሰው ቡናው በበሽታ ሲመታበት ምን ይሽጥ?

ነገደ ወይጦዎቹ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳር ወደ ዳር ተገፍተዋል። ሆቴሉ የሐይቁን ዳር ይፈልገዋል፤ እነሱ ደንገሉን ይፈልጉታል፤ ደንገሉ ደግሞ በዓይናችን ፊት እየሳሳ ነው። ጎብኚ የሚያጓጉዘው የሞተር ጀልባ ክብራን ለመድረስ ሣር አያስፈልገውም። ጠዋት ባሕር ዳር ውኃው አፍ ላይ የወረደ ሰው ግን አሁንም የረጠቡ ታንኳዎች ተገትረው ፀሐይ ሲሞቁ ያያል፤ ከግርጌያቸው ውኃው እየተንጠባጠበ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።