ከአባ ታጠቅ እስከ ዩዘርኔም

ቴሌግራም ላይ ክርክር ሲጦፍ አንዱ ተነስቶ «መጀመሪያ በእውነተኛ ስምህ ና!» ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ የማስበው ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። «አባ ታጠቅ» ሲባሉ ስማቸውን ደበቁ ያለ ማን አለ?

የፈረስ ስም የጦረኛ ሁለተኛ መጠሪያ ነበር። ፈረሱ ታጠቅ ከተባለ ባለቤቱ አባ ታጠቅ ይሆናል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ነበሩ። የክርስትናውን ስም ቄስ፣ የቤቱን ስም ወላጅ ያወጣል፤ በፈረሱ ስም ግን ሰውየው ስለ ራሱ ይናገራል። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ቢሞቱም፣ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» የተባለው በእሳቸው የፈረስ ስም ነው።

በኋላ የበረሃ ስም መጣ። እዚህ ላይ መደበቅ አለ፤ ስምህ ከታወቀ ከተማ የቀሩት ቤተሰቦችህ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። ግን መደበቅ ብቻም አልነበረም። መለስ ዜናዊ ሲወለዱ ለገሰ ነበሩ፤ «መለስ»ን የወሰዱት ደርግ ከገደለው ከመለስ ተክሌ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» የሚል ስም ብቅ አለ። ቃሊቲ እስር ቤት ያኔ ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጪ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። ጦማሪዎቹ ከጋራው ስም ጋር የራሳቸውንም ስም ይጽፉ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። «በእውነተኛ ስምህ ና» የሚል ሰው ይሄን ዋጋ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ዛሬ ሌላም ምክንያት አለ። የእኛ ስም ከአባት ስም ጋር ሲጻፍ ብዙ ሰው ሐሳቡን ሳያነብ ብሔርና ሃይማኖት መገመት ይጀምራል። ዩዘርኔም ያዢው ቢያንስ መጀመሪያ ጽሑፏ ይነበብላታል። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በእርግጥ አባ ታጠቅ ማን እንደሆኑ ጠላትም ወዳጅም ያውቅ ነበር፤ ለሠሩት ሁሉ ስሙ ይጠየቅበታል። ዛሬ ግን ሰው ሰድቦ፣ አካውንቱን ዘግቶ፣ ነገ በሌላ ስም መምጣት ይቻላል። ስለዚህ እኔ መታወቂያ አልጠይቅም። የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ትናንት የጻፍከውን ዛሬም በዚያው ስም ትቆምለታለህ ወይ?