ሁለት ቆጣሪዎች

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ ለማስረዳት የሞከርኩበትን ቀን አልረሳውም። የሥራ መደቡ በእንግሊዝኛ ‹‹ትራፊከር›› ይባላል ብዬ በስልክ ስነግራት ‹‹ታዲያ ፊሽካም ይሰጡሃል?›› አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቃሉ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎችና የማስታወቂያ ድርጅቶች የትኛው ማስታወቂያ በየትኛው ሰዓት እንደሚተላለፍ የሚከታተለው ክፍል ‹‹ትራፊክ›› ይባላል። እኛ የዲጂታል ማስታወቂያ ሠራተኞች ስሙን ከዚያ ወረስን።

ሥራችን በአጭሩ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ባነር የተባሉትን ማስታወቂያዎች ይዞ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ አስነጋሪዎች አንዱ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነበር። ቦታው የተሸጠው እንደ መንገድ ዳር ሰሌዳ በጊዜ ኪራይ ስለነበር ቆጠራ አላጣላም። ብዙም ሳይቆይ ግን አስነጋሪዎች ‹‹የምንከፍለው ለታየልን ልክ ነው›› ማለት ጀመሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ደብልክሊክ ያሉ ኩባንያዎች ማስታወቂያውን ከአንድ ማዕከል የሚያድሉና እያንዳንዱን ዕይታ የሚመዘግቡ ሰርቨሮችን ይዘው መጡ። ድረ ገጹ የራሱን ቆጣሪ አቆመ፤ አስነጋሪውም በሻጭ ሚዛን መግዛትን ማን ይወዳልና የራሱን አቆመ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ከዚያ ወዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ለምን? ለረጅም ጊዜ የድረ ገጹ ሰርቨር ‹‹ይህን ማስታወቂያ ላክ›› ብሎ በወሰነበት ቅጽበት አንድ ይል ነበር። የአስነጋሪው ሰርቨር አንድ የሚለው ግን ትእዛዙ ደርሶት ሥዕሉ ሲጠየቅ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለችው ቅንጣት ጊዜ ብዙ ነገር ትውጥ ነበር። እኔ ይህን ሳላውቀው ቀድሜ ኖሬበታለሁ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልኩ ስጠቀም፣ ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ሲመጣ፣ ጽሑፉ እንደታየኝ ‹‹አቁም›› የሚለውን ምልክት እጫን ነበር። ባነሩ ሳይደርስ ይቀራል። እኔ ሳንቲሜን አተረፍኩ፤ የሆነ ቦታ ደግሞ ሁለት መዝገቦች በአንድ ቁጥር ተለያዩ። ከዓመታት በኋላ በባዕድ አገር ደመወዝ የሚከፈለኝ ያንን የጎደለ ቁጥር እንድፈልግ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል!

የሥራ ቀኔ የሚጀምረው ‹‹ትናንት ስንት ታየ?›› በሚል ጥያቄ ነው። በውሉ መሠረት በወሩ መጨረሻ ሊሞላ የሚገባው ዕይታ እየዘገየ ከሆነ ይፋጠናል፤ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ይገታል። ቀጥሎ አዳዲስ ትእዛዞች ይመጣሉ። የሥዕሉን ስፋትና ክብደት መለካት፣ ሲነካ ወደ ትክክለኛው ገጽ መውሰዱን መሞከር፣ ከአስነጋሪው የተላከችውን ታግ የምትባል አጭር ኮድ በሰርቨራችን ላይ መትከል፣ ማስታወቂያው ሲታይ ገጹን ፎቶ አንስቶ ለማስረጃ መላክ። ቅዳሜ የሚጀምር ማስታወቂያ ዓርብ ወደ ማታ ካልሆነ አይደርስም፤ ይህን የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ይመሰክራሉ። የወሩ መጀመሪያ የሒሳብ ማመሳከሪያ ነው። በሙያው በተለመደው የውል ደንብ ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ ሳይነጋገሩ ይታለፋል፤ ካለፈ ግን ሁለቱም ወገኖች መዝገባቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

በሥራው ላይ ገና ጀማሪ ሳለሁ የበርካታ ትናንሽ ድረ ገጾችን ማስታወቂያ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ብራውዘር አንድ ጊዜ ያመጣውን ሥዕል አስቀምጦ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል፤ ለአስነጋሪው ሰርቨር ግን አይነግረውም። መድኃኒቱ በታጓ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚለዋወጥ የዘፈቀደ ቁጥር ማስገባት ነው፤ ያኔ ብራውዘሩ ሁሉንም አዲስ ይመስለውና በየጊዜው ይጠይቃል። እኔ ያንን ቁጥር ረሳሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኛን መዝገብ ብቻ እያየሁ ‹‹ደኅና ነው›› አልኩ። ወሩ ሲዘጋ የአስነጋሪው ቆጣሪ ከእኛ እጅግ አንሶ ተገኘ፤ ውሉ ደግሞ ክፍያው በእርሱ ቆጣሪ ይሁን ይላል። ገንዘቡ የጎደለበት ድረ ገጽ በሁለት ሰዎች የሚዘጋጅ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ጋዜጣ ነበር። አዘጋጇ ‹‹አንባቢዎቻችን እኮ አይተውታል፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ›› የሚል አጭር ደብዳቤ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነበር። ስህተቱን ለቀጣዩ ወር አረምኩ፤ ያለፈው ግን በማንም መዝገብ ላይ አልነበረምና የሚመለስበት መንገድ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሁለት ቆጣሪዎች ሲገጥሙልኝ እፎይ እል ነበር። ዲሴምበር 2016 ያ እፎይታም ተወሰደብኝ። ዋይት ኦፕስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ሜትቦት ብሎ የሰየመውን ማጭበርበር ይፋ አደረገ። በዳላስና በሌሎች ቦታዎች በተከራዩ ከ1,900 በላይ ሰርቨሮች ላይ ሐሰተኛ ብራውዘሮች ሰው መስለው፣ ማውስ የሚያንቀሳቅሱ አስመስለው፣ የማስታወቂያ ቪዲዮ ‹‹ይመለከቱ›› ነበር። የወንጀሉ መሪ አሌክሳንደር ዙኮቭ በ2021 ኒውዮርክ ላይ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽን ትዕግሥቱ አያልቅም፤ ሳንቲም ለማትረፍ ብሎ ‹‹አቁም››ን አይጫንም፤ ስለዚህ ሁለት ቆጣሪዎች በፊቱ እንዲስማሙ ማድረግ አይከብደውም። የሰው ምልክት ያ ስበሳጭበት የኖርኩት ጉድለት ኖሯል።

አሁን ጠዋት ሪፖርቱን ስከፍት ከሚጎድለው ቀድሜ አብዝቶ የሚገጥመውን አያለሁ። ልዩነቱ ከዜሮ ሲጠጋ ወንበሬን አስጠግቼ ዕይታዎቹ በየትኛው ሰዓት እንደመጡ፣ ሌሊት ቀንሰው እንደሆነ እመረምራለሁ። አዲስ ታግ ስተክል ደግሞ የዘፈቀደው ቁጥር መኖሩን በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ አረጋግጣለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ይስቅብኛል። ስለዚያች ከተማ ጋዜጣ እስካሁን አልነገርኩትም።