የስትራት አመጣጥና የስቴሽን ዋገን ከፍታ

አንድን አሮጌ ስቴሽን ዋገን ከመሬት ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ዛሬ በብዙ አገሮች ጋራዦች የሚከናወን የተለመደ ሥራ ሆኗል። ነባሩ ስትራት ይፈታል፤ በምትኩ ከሌላ ሞዴል የመጣ ረዘም ያለ ስትራት ይገባል፤ ጎማው ይታሰራል፤ መኪናውም ቁመት ጨምሮ ከጋራዡ ይወጣል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል መምሰሉ የራሱ ታሪክ አለው። ቀላልነቱ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የምሕንድስና ሐሳብ ፍሬ ሲሆን፣ ከቀላልነቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ዕዳም ከዚያው ሐሳብ የመነጨ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሁለቱን ግንኙነት ከመነሻው ጀምሮ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስትራት አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ የፊት ጎማዎቻቸው ለየራሳቸው ከሚንቀሳቀሱት መኪናዎች አብዛኛዎቹ ጎማውን የሚይዙት ከላይና ከታች በተዘረጉ ሁለት ክንዶች ነበር። ሞላውና አሞርዛተሩ በክንዶቹ መካከል ወይም አጠገብ ሆነው የየራሳቸውን ተግባር ያከናውኑ ነበር። አሠራሩ ጥሩ ቢሆንም መጋጠሚያው የበዛ፣ የሚይዘውም ቦታ ሰፊ ነበር።

በ1945 የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የሼቭሮሌ ክፍል ቀላልና ርካሽ መኪና ለማውጣት ሲነሣ፣ ሥራውን የመሩት አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ነበሩ። ካዴት ተብሎ ለተሰየመው ለዚህ መኪና ያሰቡት መፍትሔ የላይኛውን ክንድ ጨርሶ ማስቀረት ነበር። ጎማውን ቀጥ አድርጎ የመያዙን ተግባር ለአሞርዛተሩ ሰጡት፤ ሞላውን በአሞርዛተሩ ዙሪያ አኖሩት፤ የዓምዱን ራስ ከመኪናው አካል ጋር፣ እግሩንም ከታችኛው ክንድ ጋር አገናኙት። ስትራት የሚባለው ይህ ዓምድ ነው። በጣሊያን የፊያት መሐንዲስ የነበሩት ጉይዶ ፎርናካ በ1920ዎቹ ተቀራራቢ ሐሳብ አቅርበው የነበረ ቢሆንም፣ ሐሳቡን በብዛት ለሚመረት ተራ መኪና እንዲስማማ አድርገው ያበጁት ማክፈርሰን ናቸው።

ካዴት ለገበያ ሳይቀርብ በ1947 ተሰረዘ። ማክፈርሰንም በዚያው ዓመት ወደ ፎርድ ኩባንያ ተዛወሩ። በ1947 የቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ የጸደቀው በ1953 ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በ1950 የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር የተባሉትን መኪናዎች በዚህ ስትራት ላይ አቁሞ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ዘዴው ክፍሎቹ ጥቂት፣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለሞተርም ሰፊ ቦታ የሚተው በመሆኑ በኋላ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የመኪና አካል መሸከሚያ ዘዴዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ስትራት ለኮረኮንች መንገድ የማይበገር መሆኑም በምሥራቅ አፍሪካ ተመስክሯል። በ1960 የወጣው ፔጆ 404 ከፊት በስትራት የቆመ ነበር፤ ይኸው መኪና የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከመነሻው መታወቅ አለበት። በሁለት ክንድ አሠራር ክብደት የሚሸከመው አንዱ ክፍል፣ ጎማውን የሚመራው ደግሞ ሌላው ነበር። በስትራት ግን ተሸካሚውም መሪውም አንድ አካል ነው። ስለሆነም የስትራቱን ቁመት የለወጠ ሰው፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ የጎማውን አቋም አብሮ ለውጧል።

ከፍ ያለው ስቴሽን ዋገን

ስቴሽን ዋገንን ለአስቸጋሪ መንገድ የማዋሉ ሐሳብ ጉልህ መልክ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ሰሜናዊው ጃፓን ነው። የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የመስመር ሠራተኞች በበረዶ ወራት ይገለገሉባቸው የነበሩት ጂፖች የማይመቹ ስለነበሩ፣ በአራት ጎማ የሚነዳና እንደ ቤት መኪና የሚመች ተሽከርካሪ እንዲሠራ ጥያቄ ቀረበ። በሚያጊ የነበረው የሱባሩ ወኪል አንዱን የሱባሩ ስቴሽን ዋገን ለውጦ ሠራ፤ ውጤቱም በ1971 በቶኪዮ የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ የተባለው አምራች ኩባንያም በመስከረም 1972 ሊዮኔ የተባለውን ባለ አራት ጎማ ነጂ ስቴሽን ዋገን ለገበያ አቀረበ። የሊዮኔ የፊት ጎማዎች በስትራት የቆሙ ነበሩ።

በአሜሪካ ደግሞ አሜሪካን ሞተርስ ኩባንያ ኮንኮርድ የተባለውን ተራ መኪናውን መነሻ አድርጎ ለ1980 የሞዴል ዘመን ኢግል የተባለውን መኪና አወጣ። ኢግል ከኮንኮርድ ይልቅ ከመሬት 3 ኢንች፣ ማለት 76 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነበር። የኢግል የፊት ጎማዎች በስትራት አልቆሙም፤ ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። ቢሆንም የመሐንዲሶቹ አካሄድ ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። የፊተኛውን ዲፈረንሻል ከሞተሩ ጋር አስረው ኃይሉን ለየጎማው በሚተጣጠፉ ሴሚአክሶች አደረሱት፤ በዚህም አካሉ ከፍ ሲል ጎማው ለየራሱ የመንቀሳቀስ ነጻነቱን እንዳያጣ አደረጉ። ከፍታው የታሰበው ከሞተሩ፣ ከዲፈረንሻሉና ከሴሚአክሱ ጋር ባንድነት ነበር ማለት ነው።

በ1989 ሱባሩ ሌጋሲ የተባለውን መኪና በአራቱም ጎማዎች በስትራት አቁሞ አወጣ። በ1994 በኒው ዮርክ የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ሌጋሲ አውትባክ የተባለው ስቴሽን ዋገን ቀረበ። የመጀመሪያው አውትባክ ከሌጋሲ የሚለየው በመልክና በጌጥ ነበር፤ ለ1996 የሞዴል ዘመን ግን ከመሬት 7.3 ኢንች፣ ማለት 185 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ተደረገ። አዞ አዳኙን ዳንዲን ሆኖ በፊልም የሚታወቀው አውስትራሊያዊው ተዋናይ ፖል ሆገን ማስታወቂያውን ሠራለት፤ መኪናውም በአሜሪካ ገበያ ተወዳጅ ሆነ። በ1997 ደግሞ ፎሬስተር የተባለው፣ ከዚያም ቁመቱ ዘለግ ያለው መኪና ተከተለ፤ እርሱም ከፊትም ከኋላም በስትራት የቆመ ነበር።

ፋብሪካው አውትባክን ከፍ ሲያደርግ ስትራቱን ብቻ አላረዘመም። ሞተሩንና የኋላውን ክንዶች የሚሸከሙትን መስቀለኛ ብረቶች ጭምር በማራቂያ ብረቶች ከአካሉ ዝቅ አድርጓቸዋል። አካሉ ወደ ላይ ሲወጣ ክንዶቹና ሴሚአክሶቹ የሚነሡበት ቦታ ከመሬት ብዙም እንዳይርቅ፣ ዘንባሌያቸውም ከነበረው ብዙ እንዳይለወጥ ለማድረግ ነው።

የባለንብረቶች ሥራ

እነዚህ መኪናዎች አርጅተው ዋጋቸው ሲወርድ፣ ባለንብረቶች በራሳቸው እጅ ከፍ ያደርጓቸው ጀመር። የፎሬስተር ስትራት በብዙ የመታሰሪያ ቀዳዳዎቹ ከአሮጌው ሌጋሲና ኢምፕሬዛ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ከዚህ ሥራ የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ በነባሩ ስትራት ራስና በመኪናው አካል መካከል ማራቂያ ብረት ማስገባት፤ ሁለተኛው፣ ነባሩን ስትራት ትቶ ሞላውን በረጅም ወይም በጠንካራ ሞላ መለወጥ፤ ሦስተኛው ከሌላ ሞዴል የመጣ ረጅም ስትራት ሙሉውን መግጠም ነው።

ከሦስቱ ሁለተኛው ውጪው አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ቶሎ ይታያል። መኪናው ገና ቆሞ ሳለ የአሞርዛተሩ ዘንግ ወደ መውጫው ጫፍ ስለሚጠጋ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል። ዘንጉ ጫፉን በመታ ቁጥር ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ አሞርዛተሩም ያለ ዕድሜው ያልቃል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው መንገድ ይህን እንከን ቢቀንሱም፣ ጎማውን ከቀድሞው ይበልጥ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያደርጉታል። መኪናው በክሪክ ሲነሣ የፍሬን ጎማ ቱቦ ሊወጠር፣ የሴሚአክሱ መተጣጠፊያም ከሚችለው በላይ ሊታጠፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የክንዱ ነገር ነው። በስትራት አሠራር አካሉ የሚነሣው ስትራቱ በረዘመው ልክ ያህል ስለሆነ፣ ባለንብረቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲጨምር 50 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛል። ታችኛው ክንድ ግን ርዝመቱ አይለወጥምና ጫፉ በክብ መስመር ይጓዛል። ለምሳሌ ያህል 350 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ክንድ መጀመሪያ ለመሬት ትይዩ ነበር እንበል። አካሉ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል የክንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚገባው 3.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሌላ 50 ሚሊ ሜትር ቢጨመር ግን ተጨማሪ 11 ሚሊ ሜትር ይገባል። የሁለተኛው 50 ሚሊ ሜትር ዋጋ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የጎማው እግር ወደ ውስጥ ሲሳብ ራሱ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የውጭው ጠርዝ ብቻ ያልቃል፤ መሪውም የቀድሞ ታዛዥነቱን ያጣል። ከኋላም ወደ ፊት የተዘረጋው ክንድ በዚሁ ሕግ ጎማውን ወደ ፊት ስለሚስበው፣ ጎማው ከላሜራው የፊት ጠርዝ ጋር ሊፋተግ ይችላል።

የክብደት ማዕከሉም ከፍ ይላል። የመኪናን የመገልበጥ ዝንባሌ ለመገመት የጎማዎቹ ስፋት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1,460 ሚሊ ሜትር፣ የማዕከሉ ከፍታ 560 ሚሊ ሜትር የሆነ መኪና 1.30 ያገኛል፤ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ግን ወደ 1.20 ይወርዳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ስቴሽን ዋገን ግን ቤተሰብ ሙሉ ይዞ፣ ዕቃውን በጣራው ላይ ጭኖ የሚሄድ መኪና ነው። በመታጠፊያ ላይ ድንገት መሪ ለሚጠመዝዝ አሽከርካሪ ያች ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ አሮጌ ስቴሽን ዋገንን ከፍ ማድረግ ስሕተት ነው ለማለት የቀረበ አይደለም። መንገዱ ድንጋያማ ለሆነበት ሰው የሞተሩን ዘይት ቋት ከድንጋይ ማዳን ከባድ ወጪን ማዳን ነው። ጥያቄው ከፍታው በምን ያህልና ከምን ጋር ታስቦ ተሠራ የሚለው ነው። ጭማሪው መጠነኛ ከሆነ፣ ሞላው ለመኪናው ክብደት ከተመረጠ፣ የጎማ አሰላለፉ እንደገና ከተለካ፣ የፍሬን ቱቦውና ሴሚአክሱ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከተመረመሩ፣ የፊት መብራቱም ከተስተካከለ፣ ዕዳው ሊከፈል የሚችል ይሆናል። ጭማሪው ከዚያ ሲያልፍ መስቀለኛ ብረቶቹን አብሮ ዝቅ ማድረግ የግድ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በግማሽ ቀን የተገጠመ ስትራት ያልተለካውን ነገር በመንገድ ላይ ያስለካል። ማክፈርሰን አንዱን ክንድ አስቀርተው ለመኪና ሠሪዎች ብዙ ወጪ ቀነሱ። የዚያ ክንድ ተግባር ግን አልቀረም፤ ወደ ስትራቱ ተዛወረ እንጂ። ስትራቱን የሚያረዝም ባለሙያም ያንን ተግባር ከሞላውና ከአሞርዛተሩ ጋር በእጁ እንደያዘ ሊያውቅ ይገባዋል። ባለመኪናው የሚያየው ቁመቱን ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን የማየት ኃላፊነት የባለሙያው ነው።