የደም ሥር ያቆጠቁጣል

በጤና ፕሮግራሞች «አንጂዮጄኔሲስ» የሚለው ቃል «አዲስ የደም ሥር መፍጠር» ተብሎ ሲተረጎም ቅር ይለኛል። በግሪክኛ «አንጌዮን» መያዣ፣ ዕቃ ነው፤ «ጄኔሲስ» መገኘት፣ መወለድ። ታዲያ ቁስል ሲሽር የደም ሥሩ ከባዶ አይፈጠርም። ኦክስጅን ያጠራቸው ሕዋሳት ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በአቅራቢያው ያለው ቀጭን የደም ሥርም ወደዚያው ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው። ሊድን በተቃረበ ቁስል ላይ የምናየው ቀይ ለጋ ሥጋ ቅላቱን ያገኘው ከእነዚህ ቅርንጫፎች ነው። አማርኛ አስቀድሞ «ሥር» ካለው «ማቆጥቆጥ» እንዴት ይስማማዋል! ሐኪምና ተመራማሪው ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 የካንሰር ዕጢም የሚያድገው የደም ሥር ወደ ራሱ እየሳበ ነው ብሎ ጽፏል፤ ቃሉ እዚያም ያገለግላል። ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ሆይ፣ «የደም ሥር ማቆጥቆጥ» በሉት።