አንድ ቲኬት፣ ሃያ አንድ አገር

አውሮፓን በተማሪ ኪስ መዞር ይቻላል ቢባል ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ሆነ። ዓለም አቀፉ የባቡር ድርጅቶች ኅብረት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ዕድሜያቸው ከ21 ላልበለጠ ወጣቶች «ኢንተርሬይል» የተባለ ቲኬት አወጣ፤ አንድ ወር፣ 21 አገር። ለዚያ ዓመት ብቻ ታስቦ ነበር፤ ስለተወደደ ቋሚ ሆነ። ወጣቱ ሌሊቱን ባቡር ውስጥ እያደረ የአልጋ ኪራይ ያተርፋል። በኋላ ከጣሊያን ወደ ግሪክ የሚሻገሩ መርከቦችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ተነሳ።

ልብ በሉ፦ ቲኬቱን የሚያስገኘው ዜግነት ብቻ ሳይሆን አውሮፓ ውስጥ መኖርም ነው። ስለዚህ ሮም ወይም ስቶክሆልም የሚኖር አበሻም ይገዛዋል። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ግን እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረውን «ዩሬይል» ነው የሚገዛው፤ ያውም ቪዛ ካገኘ። ባቡሩ ረከሰ፤ በሩ ግን ዛሬም ውድ ነው።